ምዕራፍ 6፦ ዘይቱ አላለቀም፤ ሞልቷል

«ጋሼ፣ ሙሉ ናት እኮ! ይዩዋት።»

ባለ ባጃጁ ወጣት የዘይት መለኪያዋን መዘዘ፣ በጨርቅ ጠረጋት፣ መልሶ ከተታት፣ እንደገና አውጥቶ ዓይኔ ሥር አመጣት። አልዋሸም። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ጋር እኩል ነው። ጠቁሯል፤ ግን ሙሉ ነው። አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ነን፤ ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ተማሪና ሠራተኛ የሚያመላልሱት ባጃጆች መንገዱን ሞልተውታል። እኔ የጠየቅሁት ዘይት ከቀየረ ስንት ጊዜ እንደሆነው ነበር።

«ሲጎድል እጨምርባታለሁ» አለኝ። «ሙሉ የሆነን ነገር ግን ምን ብዬ ልድፋው? ደግሞ በዚህ ኑሮ!»

ይህ ምዕራፍ ለዚህ ልጅ ጥያቄ የተጻፈ መልስ ነው፤ ጥያቄው መልስ ይገባዋልና። መኪና ላይ የምንተካው ነገር አብዛኛው ሲያልቅ ይታወቃል። ነዳጅ ያልቃል፣ እንቀዳለን። ጎማ ይበላል፣ እንቀይራለን። የፍሬን ሸራ ያልቅና መጮህ ይጀምራል። የሞተር ዘይት ግን መለኪያው ላይ ሙሉ ሆኖ ሳለ «ድፋው» ይባላል። የሰው ልብ ይህን አልቀበልም ቢል አይፈረድበትም።

ልጁ «ሙሉ ናት» ሲል ትክክል ነው፤ እሱ ካሰበው በላይ ትክክል ነው። ዘይት የሚቀየረው ስላለቀ ሳይሆን ስለሞላ ነው። የሞላው ጥላሸት፣ ውሃ፣ አሲድ፣ የብረት ብናኝና አቧራ ነው። ዘይት ዕቃ ተሸካሚ ነው፤ ከሞተሩ ውስጥ ቆሻሻ እያነሳ በጀርባው ይይዛል። ጀርባው የሚችለውን ያህል ከተጫነ በኋላ ግን አንዲት ፍሬ መጨመር አይችልም።

ምጣድና ማሰሻ

በምዕራፍ 2 ሞተር እንዴት በአራት ምት እንደሚሠራ አይተናል፤ ይስባል፣ ያምቃል፣ ያፈነዳል፣ ይተፋል። ያኔ አንድ ነገር ሆን ብዬ አልፌ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ብረት ከብረት ጋር እየተሻሸ ነው። ታዲያ እንዴት በአንድ ቀን ተፋጭቶ አያልቅም?

መልሱ ከወጥ ቤት ይጀምራል። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዷን ሳታሰስ ሊጥ አታፈስበትም። የተወቀጠ ጎመን ዘር ወይም ጉሎ በጨርቅ ይዛ የጋለውን ምጣድ ታሻሸዋለች። የማሰሻው ወዝ ከምጣዱ ላይ ሲታይ ምንም አይደለም፤ በጣት ቢነካ እንኳ ስስ ነው። ያ ስስ ወዝ ከሌለ ግን እንጀራው ተጣብቆ ይቀራል፤ አንስታለሁ ሲሉ ይቀደዳል።

በሞተር ውስጥም ፒስተኑና ሲሊንደሩ፣ ክራንክ ሻፍቱና መካኒኮች ብሮንዚን የሚሉት ማረፊያው እንዲህ ባለ ስስ ወዝ ነው የሚለያዩት። ውፍረቱ የሚለካው በማይክሮን ነው፤ ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል፤ ክራንክ ሻፍቱን ከብሮንዚኑ የሚለየው የዘይት ሽፋን ግን ጫና በበዛበት ቦታ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። በዝናብ ቀን በአስፋልት ላይ የፈጠነ መኪና ጎማው ውሃ ላይ ተንሳፍፎ እንደሚንሸራተት ታውቃላችሁ። መንገድ ላይ ይህ አደጋ ነው። ሞተር ውስጥ ግን የምንፈልገው እሱኑ ነው። ጤነኛ ሞተር ውስጥ ክራንክ ሻፍቱ ሲሽከረከር ብሮንዚኑን አይነካውም፣ በዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል።

ጉሎን ካነሳሁ ላይቀር፣ ከምጣድም አልፎ ሰማይ የወጣ ዘይት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የበረሩ ብዙ አውሮፕላኖች ሞተራቸው የሚለሰልሰው በጉሎ ዘይት ነበር፤ ካስትሮል የሚለው የታወቀ የዘይት ስምም ጉሎ በእንግሊዝኛ ከሚጠራበት ቃል የተወሰደ ነው።

ወደ ሞተራችን እንመለስና ይህ ስስ ወዝ ምን ያህል እንደሚሠራ እንይ። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ብትነዱ 51 ደቂቃ ይፈጃል። ሞተራችሁ በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር ከሆነ አዳማ ክፍያ ጣቢያ እስክትደርሱ ከ150,000 ጊዜ በላይ ዞሯል። ምጣዱ በአንድ ጉዞ ይህን ያህል ጊዜ ተጋግሮበታል ማለት ነው፤ ማሰሻውም ያው አንድ ዘይት ነው።

የእጣቢው ውሃ

ብዙ ሰው ስለ ዘይት የሚያውቀው እዚህ ድረስ ነው። ያለሰልሳል፤ አለቀ። ማለስለስ ብቻ ቢሆን ኖሮ የባጃጁ ልጅ ባሸነፈኝ ነበር፤ ዘይት በማለስለስ ብዛት ቶሎ አያረጅምና። የሚያስረጀው ሁለተኛው ሥራው፣ አጣቢነቱ ነው።

ነጠላ ስታጥቡ አስቡ። ሳፋው ውስጥ ውሃና ሳሙና አለ። ነጠላው እየነጣ ሲሄድ ውሃው እየጠቆረ ይሄዳል፤ ማንም በዚህ አይከፋም፤ ከነጠላው የወጣው እድፍ የት ይሂድ? አረፋው እስካለ ድረስ እድፉ ውሃው ውስጥ ተይዞ ይቆያል። አረፋው ሲሞት ግን ነገሩ ይገለበጣል። በዚያው ውሃ ማሸታችሁን ብትቀጥሉ እድፉ ወደ ነጠላው ይመለሳል። እናቶቻችን እጣቢ የሚደፉት ሳፋው ስለጎደለ አይደለም።

ሳሙና እንዴት እድፍ እንደሚይዝ ለማየት እንዶድን እንውሰድ። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1950ዎቹ መጨረሻ ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ ለቢልሃርዚያ መከላከያ የሚሆን ምርምር የጀመረበት ያው እንዶድ ነው። አረፋ የሚሰጠው ንጥረ ነገር ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ጫፍ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ቅባት። በአንድ እጁ ቅባቱን፣ በሌላው ውሃውን ጨብጦ እድፉን ከጨርቁ አስለቅቆ ይዞት ይንሳፈፋል። በሞተር ዘይት ውስጥም ተመሳሳይ ሠራተኛ አለ፤ በአንድ ጫፉ ጥላሸት ይጨብጣል፣ በሌላው ጫፉ ዘይቱ ውስጥ ተንሳፍፎ ይኖራል። ከመደብር የምትገዙት ዘይት ሁሉም ዘይት አይደለም። ከአሥር እጅ አንዱ፣ አንዳንዴ ሁለቱ፣ እንዲህ ያሉ ተጨማሪ ኬሚካሎች ናቸው። የሚያልቁትም እነሱ ናቸው፤ መለኪያዋ ዘንግ ደግሞ እነሱን አትለካም።

እድፉስ ከየት ይመጣል? በምዕራፍ 2 ያየነው ፍንዳታ ሲፈነዳ፣ ፒስተኑ ላይ የተጠመጠሙት ቀለበቶች፣ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው፣ ጋዙን ሙሉ በሙሉ አያግዱትም። ጥቂቱ ሾልኮ ወደ ታች፣ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ከጥላሸቱ ጋር ውሃ አለበት። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይፈጠራል ስላችሁ ላታምኑኝ ትችላላችሁ፤ ግን እውነት ነው፤ በቤንዚኑ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ውሃ ይሆናል። በብርድ ጠዋት ከጭስ ማውጫ ጫፍ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። አብዛኛው በእንፋሎት መልክ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ጥቂቱ ወደ ዘይቱ ይገባል። ነዳጁ ውስጥ ያለው ድኝ ተቃጥሎ ከዚህ ውሃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ አሲድ ይሆናል። ጨጓራ የታመመ ሰው አሲድ የሚያበርድ ክኒን እንደሚውጥ፣ አዲስ ዘይትም ይህን አሲድ የሚያበርድ መጠባበቂያ ይዞ ይመጣል። መጠባበቂያው ሲሟጠጥ አሲዱ ብሮንዚኑን መብላት ይጀምራል።

ስለዚህ ዘይት መጥቆሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ናፍጣ ሞተር ላይ ዛሬ የተቀየረ ዘይት ነገ ጥቁር ቢሆን አትደንግጡ፤ እያጠበ ነው። በተቃራኒው ቤንዚን ሞተር ላይ ዘይቱ ገና ወርቃማ መስሎ ስለታየ ብቻ ደህና ነው አትበሉ፤ ውሃና አሲድ ቀለም የላቸውም።

«ፊልትሮው ያጣራው የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ፊልትሮ ወንፊት ነው። ወንፊት ገለባውን ይይዛል፤ ጨው የሟሟበትን ውሃ ግን ጨዋማነቱን አያስለቅቀውም። ትልልቁን የብረትና የአቧራ ብናኝ ይይዛል፤ ጥላሸቱ፣ ውሃውና አሲዱ ያልፉታል። ፊልትሮው ራሱ ሲደፈን ደግሞ ውስጡ ያለች ትንሽ ቫልቭ ትከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት አስበው ነው፤ ሞተር ጨርሶ ዘይት ከሚያጣ ቆሻሻ ዘይት ቢያገኝ ይሻለዋል። ባለ መኪናው ግን ምንም አያውቅም፤ መብራት አይበራ፣ ድምፅ አይሰማ።

እየጨመሩ መንዳትስ? ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ በአዳማ፣ በመቂ፣ በሻሸመኔ ጋራዦች ደጋግሜ የሰማሁት ስለሆነ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። በጠቆረ እጣቢ ላይ አንድ ጣሳ ንጹህ ውሃ ቢጨመር እጣቢው ንጹህ አይሆንም። ከዓመታት በፊት የገዛኋት ያገለገለች ኮሮላ የቀድሞ ባለቤቷ «ዘይት አጥታ አታውቅም» ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ነው። የቫልቮቹ ክዳን ሲከፈት ግን መካኒኩ ጣቱን ሰድዶ እንደ አተላ የረጋ ጥቁር ነገር ዝቆ አወጣ። ጠላ ያለቀበት ጋን ሥር የሚቀረውን አስቡት። ይህ አተላ ወደ ታች ወርዶ የዘይት ፓምፑ የሚስብበትን ወንፊት ሲደፍን ፓምፑ ባዶ ይስባል፤ ገንዳው ሙሉ፣ ብሮንዚኑ ደረቅ። ያችን መኪና ሞተሯን አስወርጄ ነው ያዳንኳት።

የስምጥ ሸለቆው አቧራ

ይህን መጽሐፍ ሌላ ቦታ ሆኜ ብጽፈው ይህ ክፍል አንድ አንቀጽ ይበቃው ነበር። አዳማ ላይ ግን አይበቃውም።

ከባቱ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ ጋደሞታ የሚባል ቦታ አለ። በዚያ የጥንት ሰዎች ከባልጩት የሠሯቸው ስለታም መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ270,000 ዓመት በላይ ነው። ባልጩት እሳተ ገሞራ የተፋው መስታወት ነው። ፑሚስ የምንለው፣ ለብሎኬትና ለሲሚንቶ የሚጫነው ቀላልና ብስ ድንጋይም የዚያው ቀልጦ የወጣ ድንጋይ ልጅ ነው፤ ልዩነቱ በአረፋ መሞላቱ ነው። ከመተሐራ እስከ ሻሸመኔ ያለው ሜዳ በዚህ ድንጋይና በአመዱ የተሸፈነ ነው። መንገድ ዳር የሚነሳው ነጣ ያለ አቧራ እንግዲህ ተራ አፈር ብቻ አይደለም፤ የደቀቀ መስታወትም አለበት።

ነፋሱ ደግሞ አለ። አዳማ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች፣ ሁለቱ ጣቢያዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው፣ እዚያ የተተከሉት ለጌጥ አይደለም። በበጋ ያ ነፋስ ያንን መስታወት ያነሳዋል።

አሁን ወደ ጥቂቷ ማይክሮን እንመለስ። ከዘይቱ ሽፋን የወፈረች አንዲት የመስታወት ፍንጣሪ በክራንክ ሻፍቱና በብሮንዚኑ መሐል ስትገባ ሁለቱንም ትጭራለች። ጭረቱ የብረት ብናኝ ይወልዳል፤ ብናኙ ሌላ ጭረት ይወልዳል። በጣም የሚጎዳው በዓይን የሚታየው አሸዋ ሳይሆን ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ያለው፣ በፀሐይ ጨረር ውስጥ ሲንሳፈፍ ብቻ የሚታየው ብናኝ ነው።

በምዕራፍ 4 የአየር ማጣሪያን ስናነሳ «በመጭመቂያ አየር ማስነፋት ልክ አለው» ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ወረቀቱ በኃይለኛ አየር በተደጋጋሚ ሲነፋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን ዓይን አያየውም፣ አቧራው ግን ያገኘዋል። ሌላም መግቢያ አለ። ስንት ባጃጅና ሚኒባስ ላይ የዘይት መሙያው ክዳን ጠፍቶ በጨርቅ ወይም በፌስታል ተወትፎ አይቻለሁ! አቧራን በር ከፍቶ «ግባ» ማለት ነው። ዘይት የሚቀዳበት የተቆረጠ የሃይላንድ አፍም እንዲሁ፤ መሬት ላይ ሲንከባለል የዋለውን አንስቶ ሳያጥቡ መጠቀም አዲሱን ዘይት ገና ሲገባ ማቆሸሽ ነው።

ኪሎ ሜትር የማይቆጥረው ሥራ

እንግዲህ በስንት ይቀየር? በአገራችን የተለመደው መልስ 5,000 ኪሎ ሜትር ነው። መጥፎ መነሻ አይደለም። ችግሩ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያው የሚቆጥረው የጎማውን ሥራ እንጂ የዘይቱን አለመሆኑ ነው።

ሁለት ሰዎች ውሰዱ። አንዷ ከአዳማ አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ትመላለሳለች፤ አማካይ ፍጥነቷ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ነው። ሌላው አዳማ ከተማ ውስጥ በሰዓት በአማካይ 20 ኪሎ ሜትር እየሄደ ይሠራል። ሁለቱም 5,000 ኪሎ ሜትር ሲሞሉ የእሷ ሞተር 56 ሰዓት ያህል ሠርቷል፤ የእሱ ደግሞ 250 ሰዓት። አንድ ቁጥር፣ ከአራት እጥፍ በላይ የተለያየ ድካም። መናኸሪያ ወረፋ ይዞ ሞተሩን ሳያጠፋ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ሚኒባስማ ጨርሶ አይቆጠርለትም፤ ቆሞ ያጥባል፣ ቆሞ ይጠቁራል።

አጭር ጉዞ ደግሞ የራሱ በሽታ አለው። ዘይቱ ውስጥ የገባው ውሃ ተንኖ የሚወጣው ዘይቱ በደንብ ሲግልና ግለቱ ሲቆይ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ገበያ ደርሶ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚቆም መኪና ዘይቱ ገና ለብ ሲል ሞተሩ ይጠፋል፤ ውሃው እዚያው ይጠራቀማል። ዘይት መሙያው ክዳን ሥር እንደ እርጎ ነጣ ያለ ነገር ካያችሁ እሱ ነው፤ የራዲያተር ውሃ ወደ ዘይቱ ሲገባም ይመጣልና ምዕራፍ 5ን ተመልከቱ። ከፍታውም ይጨመርበት። አዳማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ካርቡሬተር ያላት አሮጌ መኪና በዚህ ስስ አየር ካልተስተካከለች ነዳጅ ይበዛባታል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ሲሊንደሩን አጥቦ ወደ ዘይቱ ይወርድና ያቀጥነዋል።

የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌሮች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ጭነው ከባሕር ወለል ተነስተው፣ በአፋር ሙቀት አልፈው፣ አዋሽና መተሐራን ረግጠው ወደ አዳማ ዳገቱን ሲወጡ ዘይቱ ከፍተኛ ሙቀት ላይ ሰዓታት ይቆያል። ዘይት በጋለ ቁጥር ከአየሩ ጋር እየተዋሃደ ቶሎ ይወፍራል፤ ደጋግሞ የተጠበሰበት የምግብ ዘይት እንደሚጣበቀው። የእነሱ ገንዳ ከ20 ሊትር በላይ ይይዛልና እድፉ ለብዙ ዘይት ይካፈላል። የባጃጅ ዘይት ግን አንድ ሊትር አካባቢ ነው። ትንሽ ሳፋ ውስጥ የሚታጠብ ልብስ ውሃውን ቶሎ እንደሚያጠቁረው ነው፤ ሞተሩም ከኋላ፣ ጎማ አቧራ በሚያነሳበት ቦታ ነው የተቀመጠው።

የመኪና አምራቾች መመሪያ ላይ «ከባድ የአገልግሎት ሁኔታ» የሚል ክፍል አለ። አቧራ፣ አጭር ጉዞ፣ ቆሞ መሥራት፣ ሙቀትና ከባድ ጭነት እዚያ ይዘረዘራሉ፤ ለእነዚህ ብዙዎቹ የዘይት ዕድሜውን በግማሽ ይቀንሱታል። ሰው ይህን ሲያነብ ስለ በረሃ የተጻፈ ይመስለዋል። ስለ እኛ ነው የተጻፈው። የእኔ ምክር ይህ ነው፤ በፍጥነት መንገድ የሚመላለስ የቤት መኪና 5,000 ላይ ይቆይ፤ ከተማ ውስጥ የሚውል ሚኒባስ ከ3,500 አይለፍ፤ ባጃጅ መመሪያው ላይ ከተጻፈው ኪሎ ሜትር ፈጽሞ አይለፍ። ብዙ የማይነዳ መኪናም ቢሆን በስድስት ወር አንድ ጊዜ ይቀየርለት።

ለዚህ የምጨነቅበት ሌላ ምክንያት አለኝ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይፈልግም፤ መልካም ነው። ግን ዛሬ ብዙው ቤተሰብ የሚተዳደርባት ቪትዝና ኮሮላ ተተኪዋ በቀላሉ አይመጣም። ያለችው ሞተር ናት መኖር ያለባት።

ጀሪካኑ ላይ ያለው ጽሑፍ

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። 20ደብሊው-50፣ 15ደብሊው-40፣ 5ደብሊው-30 የሚለው የዘይቱን ውፍረት ይናገራል። ማር በጠዋት ብርድ እንደማይፈስ፣ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ እንደሚንቆረቆር አስቡ። ደብሊው ያለበት ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ ሁለተኛው ቁጥር በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል ምን ያህል ወፍሮ እንደሚቆይ ይነግራል። «ወፍራም ይሻላል» የሚለው እምነት ለአሮጌ ሞተር ያስኬድ ይሆናል፤ ለአዲስ ሞተር ግን መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸውና ወፍራም ዘይት እስኪደርስ ብረቱ ይደርቃል። ውፍረቱን ሠሪው ወስኗል፤ መመሪያውን ተከተሉ።

ሌላው ምልክት ኤስ ወይም ሲ በሚል ፊደል የሚጀምረው ነው። ኤስ ለቤንዚን፣ ሲ ለናፍጣ ሞተር ነው። ከኤስ ቀጥሎ ያለው ፊደል ወደ ፊት በሄደ ቁጥር የአጣቢነት ብቃቱ የተሻለ ነው፤ ኤስ ኤን ከኤስ ኤል ይበልጣል።

ጉድጓዱ ላይ

ዘይት ስታስቀይሩ አብራችሁ ቁሙ። አንድ ጋራዥ የፊልትሮውን ውጩን ብቻ ጠርገው «ቀየርን» ብለውኝ ከፍዬ የሄድኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከዘይት መቀየሪያው ጉድጓድ አፍ አልርቅም። አሮጌው ፊልትሮ ላይ በማርከር ምልክት አደርጋለሁ።

ሞተሩ ሞቅ ያለ ይሁን። የቀዘቀዘ ዘይት ሲፈስ እድፉን ገንዳው ሥር ጥሎት ይሄዳል፤ ሞቅ ያለው ይዞት ይወጣል። የጋራዡ ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ በ14 ቁጥር ቁልፍ ቡሎኑን ሲያላላ መጀመሪያ እንደ ክር ይንጠባጠባል፤ ከዚያ ቡሎኑ ሲወልቅ እንደ ጥቁር ገመድ ተቆጥቶ ይወርዳል። እዚህ ላይ ነው የሚቸኮለው። ገመዱ ቀጥኖ ጠብታ እስኪሆን፣ ጠብታውም እስኪዘገይ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፤ የመጨረሻው ፍሳሽ ነው አተላው። የቡሎኑ ሮንዴላ አዲስ ይሁን። የአዲሱ ፊልትሮ ጎማ በጣት አዲስ ዘይት ይቀባ፤ በእጅ ይጥበቅ እንጂ በቁልፍ አይታነቅ። ከተሞላ በኋላ ሞተሩን አስነስታችሁ የዘይት መብራቷ እስክትጠፋ ጠብቁ፣ ከዚያ አጥፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ለኩ። ከላይኛው ምልክት አይለፍ፤ ከበዛ ክራንክ ሻፍቱ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ብረት አይሸከምም።

የወጣው የተቃጠለ ዘይት የት ይሂድ? በርሜል ውስጥ ይጠራቀም። አናጢው ለካሳፎርማ፣ ገበሬው ለአጥር እንጨት ምስጥ መከላከያ ይወስደዋል። መሬት ላይ መድፋት ግን እለምናችኋለሁ፣ ተዉት። አንድ ሊትር የተቃጠለ ዘይት እስከ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ሊበክል እንደሚችል ይነገራል፤ አዳማ ደግሞ ውሃዋ አዋሽ ነው። እጃችሁም ላይ አይቆይ፤ ቆዳን ለረጅም ጊዜ ሲነካ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ነገር አለበት። በሳሙና ታጠቡ።

ጠብታው

ወደ ባጃጁ ልጅ ልመለስ። ብዙ ከመናገር ማሳየት ይሻላል ብዬ ከደብተሬ ሳይሆን ከወፍራም ሶፍት አንድ ቁራጭ ሰጠሁት። ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ከመለኪያዋ ጫፍ አንድ ጠብታ ዘይት መሐሉ ላይ አንጠባጥብ፣ ሌላ ነገር ሳይነካው አግድመህ አስቀምጠው፣ እስከ ነገ ተወው አልኩት።

ይህ የቆየ የመካኒክ ፈተና ነው። አጣቢ ኬሚካሉ ጉልበት ካለው ጥላሸቱን ይዞ ከዘይቱ ጋር ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ ጠብታው ከመሐል ወደ ዳር እየሳሳ የሚሄድ ግራጫ ክብ ይሆናል። ጉልበቱ ካለቀ ግን ዘይቱ ብቻውን ይሰርጋል፤ ጥላሸቱ መሐል ላይ እንደ ጥቁር ቁልፍ ተሰብስቦ ይቀራል፤ ዳሩ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። እንደ ሞተው አረፋ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ያው ቦታ አገኘሁት። ሶፍቱን በካርቶን ላይ ለጥፎ ይዞታል። የእሱ ብቻ አልነበረም፤ ከተራ ጓደኞቹ አራት ጠብታ ሰብስቦ ከየሥሩ በእስክሪብቶ ስማቸውን ጽፏል። ሁለቱ ግራጫ ሆነው እስከ ዳር ተዘርግተዋል። አንዱ መሐሉ ጨለም ብሎ ገና ይንፏቀቃል። የእሱና የአንዱ ጓደኛው ጥቁር ቁልፍ ሆነው መሐል ላይ ተቀምጠዋል፣ ዙሪያቸው ገረጣ ያለ የዘይት ቀለበት።

የራሱን በጣቱ ነካው። «ሙሉ ናት» አለ፤ የባጃጁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በዚህ ሰዓት የተከፈተ ዘይት ቤት የት እንዳለ ጠየቀኝ።